የብስክሌት ጎማ በቤት ውስጥ እንዴት ይፈታል፣ ይለጠፋል፣ ይገጠማል?

ማታ የተለጠፈ ጎማ ጠዋት ተንፍሶ ሲገኝ ሰው ሁሉ ማስቲሹን ይረግማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የበሳው ነገር ገና እዚያው ጎማው ላይ ተሰክቶ ነው ያለው። እንደ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ባሉ ግንባታ በማይጠፋባቸው የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ሚስማርና ተቆርጦ የተጣለ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ወደ ሱሉልታ ወጣ ሲባል ደግሞ ከአጥር የረገፈ እሾህ አለ። የሽቦ ቁራጭ 5 ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከውጭ አይታይም፤ ንፋስ በተሞላና ብስክሌቱ በተነዳ ቁጥር ግን ከመነዳሪውን (ንፋሱን የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ) ይወጋል። ስለዚህ ከመለጠፍ በፊት ምክንያቱን መፈለግ የሥራው ግማሽ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው 15 ቁጥር ቁልፍ (የፊተኛው ጎማ አንዳንዴ 14 ይሆናል)፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ መለጠፊያ ላስቲክ፣ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ንፋስ መሙያ፣ ጨርቅ፣ እስክሪብቶና በሳፋ ውሃ ነው።

አዲስ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት

ሱቅ ሄዳችሁ «26 ጎማ ስጠኝ» ማለት አይበቃም። 26 በ1.95 እና 26 በ1 3/8 የሚባሉት ሁለቱም 26 ቢሆኑም አንዱ በሌላው ቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት) ላይ አይገባም። የመጀመሪያው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሁለተኛው 590። የድሮው ጎማ ጎን ላይ በትንንሽ ቁጥር «50-559» የሚመስል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የፊተኛው ቁጥር የጎማው ውፍረት ስለሆነ ትንሽ ቢለያይ ችግር የለውም፤ የኋለኛው ግን አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። ከመነዳሪ ስትገዙ ደግሞ ቫልቩን እዩ። እንደ መኪና ያለው ወፍራሙ 8.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ለቀጭኑ ቫልቭ በተበሳ 6.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አያልፍም።

አፈታቱ

ብስክሌቱን ገልብጣችሁ በመቀመጫውና በመሪው አቁሙት። ማርሽ ያለው ከሆነ ካቴናውን አስቀድማችሁ ወደ ትንሿ የኋላ ጥርስ አውርዱት። የፍሬኑን ካቦ ከማቀፊያው አላቁት፤ አለዚያ ጎማው በፍሬኑ መሀል አያልፍም። ዳዶዎቹን ከግራና ከቀኝ በየተራ አላሉ፤ ሮንዴላዎቹ በየትኛው ጎንና በምን ቅደም ተከተል እንደነበሩ ልብ በሉ።

ጎማውን ከፍሬሙ ካወጣችሁ በኋላ ቀሪውን ንፋስ በሙሉ አስወጡ። ከዚያ የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን በአውራ ጣት እየጫናችሁ ወደ ቸርኬው መሀል አስገቡት። ቸርኬው መሀሉ ላይ ጎድጓዳ ነው፤ ጠርዙ እዚያ ሲወርድ በሌላው በኩል ትርፍ ይገኛል። ይህን ያልሠራ ሰው ነው ከጎማ ጋር የሚታገለው። አንዱን ማውጫ ከቫልቩ ትይዩ አስገቡና ጠርዙን ፈልቅቁት፣ ሁለተኛውን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ድገሙት፤ የቀረው በእጅ ይወጣል። በካቻቪቴ መፈልቀቅ የተለመደ ቢሆንም ስለቱ ከመነዳሪውን ይቆርጣል፣ የአሉሚኒየም ቸርኬንም ያጎብጣል። ማንኪያ እንኳ በጀርባው ከካቻቪቴ ይሻላል።

ከመነዳሪውን ከማውጣታችሁ በፊት ቫልቩ ከጎማው በየትኛው ጽሑፍ አንጻር እንደነበረና ቀኙ የቱ እንደሆነ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ቀዳዳው ሲገኝ ከጎማው ጋር አስተያይቶ የወጋውን ነገር በትክክለኛው ቦታ ለመፈለግ የሚረዳው ይህ ምልክት ነው።

ቀዳዳው ምን ይላል?

ከመነዳሪውን ትንሽ ንፋስ ሞልታችሁ በሳፋው ውሃ ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ አሳልፉት። አረፋ የሚወጣበትን ቦታ አድርቃችሁ አክብቡበት። አንድ ቀዳዳ ስላገኛችሁ አታቁሙ፤ ዙሩን ጨርሱ፣ ቫልቩንም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

በውጭው በኩል፣ መንገድ በሚነካው አንጻር፣ አንድ ጠባብ ቀዳዳ ካለ እሾህ፣ ሚስማር ወይም ሽቦ ነው። ምልክታችሁን ተከትላችሁ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ላይ አለ። ባዶ ጣት አታስገቡ፣ ሽቦው ይቆርጣል። የተሰካውን በፒንሳ ከውስጥም ከውጭም አይታችሁ ንቀሉ።

ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቅ ካለ ማንም አልወጋውም። ንፋሱ አንሶ ሳለ ጎማው ከጉድጓድ ወይም ከኮብልስቶን ጠርዝ ጋር ተላትሞ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ተጨፍልቋል ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ትልቅ ልጥፍ ሸፍኑ፤ ዋናው መድኃኒት ግን በቂ ንፋስ ነው።

ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ቸርኬው በሚነካው ጎን፣ ከሆነ የቸርኬ ሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ላስቲክ ተንሸራትቷል ወይም ተቀዷል። ሽፋኑን ሳታስተካክሉ ብትለጥፉ በሳምንቱ ትመለሱበታላችሁ። ቫልቩ ሥር ከተሰነጠቀ ደግሞ ጎማው ንፋስ አንሶት ቸርኬው ላይ እየዞረ ቫልቩን ጎትቶታል፤ ይህ አይለጠፍም፣ ከመነዳሪው ይቀየር።

አለጣጠፉ

ከልጥፉ በትንሹ የሚሰፋ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ፈትጉ። ከመነዳሪው ላይ ሲመረት የቀረ ከፍ ያለ መስመር ካለ እስኪስተካከል ሞርዱት፤ ንፋስ በዚያ መስመር ሥር ሾልኮ ይወጣል። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በጣት ሲነካ ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ነው የሚለጠፈው። እርጥቡን መለጠፍ ትልቁ ስህተት ነው፤ ቶሎ ይድረቅ ብሎ በአፍ መተንፈስም እርጥበት ይጨምራል። ልጥፉን ከመሀል ወደ ዳር አጥብቃችሁ ጫኑ። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ደርቆ ድንጋይ ስለሚሆን ላስቲኩ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል።

አገጣጠሙ

ጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለ ወደ ፊት መሆኑን አረጋግጡ። በመጀመሪያ አንዱን ጠርዝ በሙሉ ቸርኬው ውስጥ አስገቡ። ከመነዳሪው ክብ ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ብቻ ንፋስ ስጡትና ቫልቩን ቀጥ አድርጋችሁ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ፤ የቀረውን የከመነዳሪ ክፍል ሳይጠማዘዝ ጎማው ውስጥ አስገቡት። ሁለተኛውን ጠርዝ ከቫልቩ ትይዩ ጀምራችሁ በሁለት እጅ ወደ ቫልቩ እየመጣችሁ ጨርሱ። መጨረሻው ላይ ከጠበቀ ትንሽ ንፋስ አስወጡና በተቃራኒው ያለውን ጠርዝ እንደገና ወደ ጎድጓዳው መሀል ግፉት። እዚህ ላይ ትዕግሥት አጥቶ ብረት የሚያስገባ ሰው አሁን የለጠፈውን ከመነዳሪ ራሱ ይበሳዋል።

ንፋስ ከመሙላታችሁ በፊት ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ መልሱት፤ ሥሩ በጠርዙ ተይዞ ከነበረ ይለቀቃል። ዙሪያውን ጎማውን ገለጥ እያደረጋችሁ በጠርዙና በቸርኬው መሀል የተነከሰ ላስቲክ መኖር አለመኖሩን እዩ። ግማሽ ሙሉና አሽከርክሩት። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቀጭን መስመር ከቸርኬው እኩል ርቆ መዞር አለበት። አንድ ቦታ ከሰጠመ ንፋሱን አስወጥታችሁ ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርጥቡና እንደገና ሙሉ።

የንፋሱ መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ26 በ1.95 ጎማ ከ40 እስከ 45 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይስማማል፤ 3 ባር አካባቢ ማለት ነው። ክብደቱ ስለሚበዛበት የኋላው ከፊቱ ትንሽ ይጠንክር። ጎሚስታ ጋር ስታስሞሉ በአጭር በአጭሩ እየለካ እንዲሰጣችሁ ንገሩት፤ የመኪና ጎማ የሚሞላው ኮምፕሬሰር የብስክሌትን በሴኮንዶች ሊያፈነዳው ይችላል።

ጎማውን ስትመልሱ በፍሬሙ መሀል ቀጥ ብሎ መቆሙን አይታችሁ ዳዶዎቹን በየተራ አጥብቁ። የፍሬኑን ካቦ ወደ ማቀፊያው መልሱ፣ ከመንዳታችሁም በፊት ጨብጣችሁ ሞክሩት። ካቦው ተረስቶ ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ ወጥቶ ቁልቁለቱን መውረድ ሕይወት ያስከፍላል።

በቤት ውስጥ የሚደርሱ ሌሎች ጥፋቶች

የፍሬን ጎማው ቸርኬውን ብቻ ይንካ። ከፍ ብሎ ጎማውን ከነካ በጥቂት ቀን ጎኑን በልቶ ክሩን ያወጣዋል። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ለጊዜው ከውስጥ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ደርቦ ማስገባት ይቻላል። የሃይላንድ ፕላስቲክ የሚያስገቡም አሉ፤ ጠርዙ ካልተከረከመ ግን ራሱ ይበሳል።

ካቴናን በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ከቁጠባ ይልቅ ኪሳራ ነው። ዘይቱ የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዟል፤ የበጋውም አቧራ ተጨምሮበት ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ንጹሕ ስስ ዘይት በእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ትርፉን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የምግብ ዘይት ይሙለጨለጫል፣ ሲቆይ ግን እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ፔዳል ስትፈቱ የግራው ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚላላው። በጉልበት ወደ ግራ ማዞር ይበልጥ ያጠብቀዋል፣ በመጨረሻም የፔዳሉን ክንድ ጥርስ ይልጠዋል።

በክረምት የአቃቂ አካባቢ ጥቁር አፈር ፍሬኑና ሹካው መሀል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያስቆመዋል። ሳይደርቅ በእንጨት ፈልቅቃችሁ በውሃ እጠቡት። ውሃውን በኃይል ወደ ጎማው መሀል አትልቀቁ፤ የኩሽኔታውን ግሪስ አጥቦ ያወጣዋል። ከታጠበ በኋላ ካቴናው ደርቆ ዘይት ካልተቀባ በማግስቱ ዝገት ይጀምረዋል።