ብቻውን የመጣ እንግዳ ግድግዳ ተደግፎ እንዳያመሽ፦ በኮንትራ ዳንስ ምሽት ተጣማሪ የሚያለዋውጥ የክብ ዳንስ እንዴት ይመራል?

በእኛ ሠርግ ላይ ዓይን አፋር ሰው ወንበሩ ላይ ብዙ አይቆይም። አንዷ አክስት መጥታ እጁን ይዛ ታስነሣዋለች። በኮንትራ ዳንስ ምሽት ግን እንዲህ ያለች አክስት የለችም፤ የእሷን ሥራ አዘጋጆቹ አስበውበት መሥራት አለባቸው።

ኮንትራ ዳንስ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ ግዛቶች ሥር የሰደደ የማኅበረሰብ ጭፈራ ነው። ጥንዶች በረጅም ረድፍ ትይዩ ይቆማሉ፣ ሙዚቀኞች ቫዮሊንና ፒያኖ ይጫወታሉ፣ ጠሪ የሚባለው መሪ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን እንቅስቃሴ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ተጣማሪ ይዞ መምጣት ግዴታ አይደለም። ይሁን እንጂ ከእያንዳንዱ ዳንስ በፊት አንዱ ሌላውን «አብረን እንደንስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ነባሮቹ ይተዋወቃሉና ወዲያው ይጠራራሉ፤ እንግዳው ግን ማንን መጠየቅ እንደሚችል እስኪያስብ ረድፉ ይሞላል።

እኔም የመጀመሪያ ምሽቴ ላይ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ካፖርቴን ታቅፌ ሁለት ዳንስ ከዳር ቆሜ አሳልፌያለሁ። ከዚያ ጠሪው «ሁላችሁም ትልቅ ክብ ሥሩ» አለ። አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ገና ሙዚቃው ሲጀምር በአውራ ጣታቸው መዳፌ ላይ ምቱን ይመቱልኝ ጀመር። የዚያን ምሽት ውዝዋዜ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ያንን አውራ ጣት ግን አልረሳሁም።

እንዲህ ያለው በየዙሩ ተጣማሪ የሚያለዋውጥ ዳንስ ሚክሰር ይባላል። አመራሩ እነሆ።

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ። የምሽቱ ሁለተኛ ዳንስ ቢሆን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ላይ ዘግይተው የመጡት ገና ጫማ እየቀየሩ ነው፤ ከአራተኛው በኋላ ካደረጋችሁት ደግሞ ተስፋ የቆረጠው እንግዳ ወደ ቤቱ ሄዷል። በአንድ ምሽት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ቀጥሎ ነባሮቹን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ብዙ ልምድ ያላቸው ዳንሰኞች ሚክሰር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ውሃ ለመጠጣት ይወጣሉ። እነሱ ከወጡ ክቡ ውስጥ የሚቀሩት ጀማሪዎች ብቻ ይሆናሉ፤ የማያውቅ የማያውቀውን ሲመራ ደግሞ ሁለቱም ይደናገጣሉ። ስለዚህ ምሽቱ ሳይጀመር አምስት ስድስት ነባሮችን ለየብቻ ጠጋ ብላችሁ «ክቡ ሲሠራ አንድ ላይ ሳትሆኑ ተበታትናችሁ ቁሙልን» በሏቸው። ከመድረክ ስታውጁም የዳንሱን ዓይነት አትጥሩ፤ «ትልቅ ክብ» ማለት በቂ ነው። ከትዳር ጓደኛው መለየት የማይፈልግ ወይም እጁን የሚያመው ሰው ቢቀመጥ ግን አትጫኑት።

ዳንሱ ቀላል ይሁን። እኔ «ዕድለኛው ሰባት» የሚባለውን አስቀድማለሁ። ሙዚቃው 64 ምት ያለው ሲሆን በአራት ባለ 16 ምት ክፍል ይከፈላል። በመጀመሪያው ክፍል ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ወደ ግራ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይመለሳል። በሁለተኛው ወደ መሃል ገብቶ መውጣት ነው፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ሰው ጎኑ ወዳለው ተጣማሪው ፊቱን አዙሮ ቀኝ እጁን እየሰጠ «አንድ» ይላል፤ አልፎት ለሚቀጥለው ግራ እጁን እየሰጠ «ሁለት» ይላል፤ እንዲህ እያለ እስከ ሰባት ይሄዳል። ሰባተኛው ሰው አዲሱ ተጣማሪው ነው። በአራተኛው ክፍል ከእሱ ጋር ተያይዘው ይሽከረከራሉ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ሆነው ክቡን ይዘው ይራመዳሉ።

ስታስተምሩ አንድ ጊዜ ያለ ሙዚቃ አለማምዷቸው፤ ቁጥሩንም ሁሉም ጮክ ብሎ ይቁጠር። ሰባተኛው ሰው ሁልጊዜ በቀኝ እጅ እንደሚያዝ ንገሯቸው፤ በግራ ከያዙት ቆጠራው ተሳስቷል ማለት ነው። ጀማሪ አንድ እጅ ሲያመልጠው ወደ ኋላ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ሰንሰለቱ በሙሉ ይበጠሳል። «አቅጣጫችሁን አትለውጡ፣ ተጣማሪ ያጣ ሰው መሃል ገብቶ እጁን ያንሣ፣ እዚያ ሌላ ያጣ ሰው ያገኛል» ብላችሁ ሙዚቃው ሳይጀመር አሳውቁ። አስቀድሞ የተነገረ ስሕተት አያሳፍርም።

መሽከርከሩ የሚከብደው ሰው ሁለት እጅ ተያይዞ ቀስ ብሎ ቢዞር ይበቃዋል። ራሱን የሚያዞረው ደግሞ ዓይኑን በተጣማሪው ፊት ላይ ያድርግ፤ መተያየት ከከበደው ጆሮውን ወይም ትከሻውን ይመልከት። በዛሬ ጊዜ በብዙ ቦታ ከጥንዱ በግራ የሚቆመው «ላርክ»፣ በቀኝ የሚቆመው «ሮቢን» በሚባሉ የወፍ ስሞች ይጠራሉ፤ ወንድም ሴትም የፈለገውን ቦታ መያዝ ይችላል። ከጓደኛዋ ጋር የመጣች ሴት ወንድ ፍለጋ አትሄድም ማለት ነው።

ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ገደማ ከሆነ አንዱ ዙር ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። አሥር ዙር አምስት ደቂቃ ነው፤ እንግዳው በዚህ ጊዜ ውስጥ የብዙ ሰዎችን እጅ ጨብጦ ከአሥር ሰዎች ጋር ተሽከርክሯል። እዚያ ላይ አቁሙ። ከዚህ ካለፈ ይሰለቻል።

ሙዚቃው ሲያበቃ ሰው እንዲበተን አትፍቀዱ። ጠሪው ወዲያው «አሁን አጠገባችሁ ያለውን ሰው አትልቀቁ፣ ስማችሁን ተነጋገሩ፣ ቀጣዩን ዳንስ አብራችሁ ነው» ይበል። ጥንዶቹ ከክቡ በቀጥታ ወደ ረጅሙ ረድፍ ይሂዱ። ጀማሪ ያለባቸውን ጥንዶች ከረድፉ ጫፍ አርቃችሁ መካከል ላይ አቁሟቸው፤ በየዙሩ በረድፉ ላይ እየተጓዘ ጫፍ ላይ የደረሰ ጥንድ አንድ ዙር ቆሞ ጠብቆ፣ ቦታ ተለዋውጦ መመለስ አለበት፣ ጀማሪው የሚጠፋውም እዚያ ነው።