የአማርኛ መጽሐፍዎን ለኪንድልና ለመሰል ማንበቢያዎች ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጽሐፍን በራስ አቅም በኤሌክትሮኒክ መልክ ለማውጣት ማተሚያ ቤት ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ኮምፒውተርና ጥቂት ነጻ ፕሮግራሞች ይበቃሉ። ነገር ግን ደራሲው ኮምፒውተር ላይ አምሮ የሚታየው መጽሐፍ አንባቢው እጅ ባለው ማንበቢያ ላይ፣ ለምሳሌ በአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መሣሪያ በኪንድል ላይ፣ ሲከፈት ተበላሽቶ ይገኛል። ዓመታት የተለፋበት ሥራ በዝግጅት ጉድለት ሳይነበብ ሲቀር ያሳዝናል።

የድሮ ፎንት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ መጻሕፍት ይተየቡ የነበረው የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ደራሲው ስክሪኑ ላይ «ሀ»ን ያያል፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ምልክት ነው። ያ ፎንት የሌለበት ማንበቢያ ላይ ሲከፈት ልብ ወለዱ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ከፋይሉ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው። ካልታየ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ሥራው ግን እዚያ አያበቃም። መቀየሪያው እንደ «ሏ»፣ «ቧ» እና «ኳ» ያሉትን ፊደላት ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በሰው ዓይን መነበብ ይኖርበታል። አድካሚ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም።

ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አለማካተት

ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖም ማንበቢያው የግዕዝ ፎንት ከሌለው የሚታየው ባዶ ሣጥን ብቻ ነው። ስለዚህ ፎንቱ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይሂድ። «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» እና «ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ» በነጻ የሚገኙ፣ መጽሐፍ ውስጥም ማካተት የሚፈቀድላቸው ናቸው። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው «ኒያላ» ግን የማይክሮሶፍት ንብረት ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ስላገኛችሁት ብቻ ከምትሸጡት መጽሐፍ ጋር ልታሰራጩት አትችሉም።

ፒዲኤፉን እንዳለ መልቀቅ

ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ የገጹ ልክ የተቆለፈ ነው። ባለ 6 ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉ ይኮሰምናል፤ ሲያጎሉት ደግሞ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ዓይናቸው የደከመ አንባቢዎች ሁለት ገጽ ሳይገፉ ይተዉታል። ኢፐብ የሚባለው የፋይል ዓይነት ጽሑፉን እንደ ስክሪኑ ስፋትና አንባቢው እንደመረጠው የፊደል መጠን ያስተካክላል። የወርድ ፋይልን ካሊበር በሚባል ፕሮግራም ወደ ኢፐብ መቀየር፣ ሲጂል በሚባለው ደግሞ ማረም ይቻላል። ሁለቱም ነጻ ናቸው።

በኢፐብ ውስጥ ቋሚ ገጽ ስለሌለ «ምዕራፍ 3፣ ገጽ 47» የሚል ማውጫ ትርጉም አይኖረውም። የምዕራፍ ርዕሶችን ወርድ ላይ በርዕስ ስታይል (Heading) ጻፏቸው፤ ማውጫውን ፕሮግራሙ ራሱ ይሠራዋል። አዲስ ገጽ ለመጀመርም ኢንተር አትደርድሩ።

ሥርዓተ ነጥብና ፊደል

ብዙ ሰው በ«።» ፈንታ ሁለት ጊዜ «፡» ይመታል። ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም ግን ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ላያውቅ ይችላል። ከአራት ነጥብ በፊት ክፍት ቦታ መተውም ችግር ያመጣል፦ የፊደሉ መጠን ሲቀየር «።» ብቻዋን ወደሚቀጥለው መስመር ትወርዳለች። ሁለቱንም ወርድ ላይ በፈልግና ተካ በደቂቃዎች ማስተካከል ይቻላል።

የፊደል አጠቃቀማችሁም ወጥ ይሁን። አንዱ ገጸ ባሕርይ እዚህ «ኃይሉ»፣ እዚያ «ሀይሉ» ከሆነ አንባቢው ስሙን ሲፈልግ ግማሹን አያገኘውም። ለማሽኑ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው።

ቋንቋውን አሳስቶ መመዝገብ

ኬዲፒ፣ የአማዞን የራስ አሳታሚዎች አገልግሎት፣ ለኪንድል መጻሕፍት የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች በዝርዝር ያስቀምጣል። አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንዳንዶች ቋንቋውን «እንግሊዝኛ» ብለው ያልፉታል። ይህን አታድርጉ። እንግሊዝኛ መስሎት የገዛ ሰው ቅሬታ ያቀርባል፤ መጽሐፉም ከሽያጭ ሊወርድ ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላለው አንባቢያችሁ ኢፐቡን በቀጥታ ሸጡለት። ኪንድል ካለው እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ «ሴንድ ቱ ኪንድል» በሚባለው የአማዞን የፋይል መላኪያ አገልግሎት ኢፐብ ወደ መሣሪያው መላክ ይችላል። ከመሸጣችሁ በፊት ግን ፋይሉን ኢፐብቼክ በሚባለው የኢፐብ ስህተት መፈተሻ ፕሮግራም መርምሩት፤ ቢቻል እውነተኛ ማንበቢያ ላይም ክፈቱት። የኮምፒውተር ስክሪን ይሸነግላል።

የሌላ ሰው መብት

የቆየ መጽሐፍ ስካን አድርጎ «ደራሲው እኮ ሞተዋል» ብሎ ማውጣት የተለመደ ሆኗል። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ወራሾቹን ፈልጉ፣ በጽሑፍ ተስማሙ። የራሳችሁ መጽሐፍ ቢሆንም ቀድሞ ከአሳታሚ ጋር የፈረማችሁት ውል ካለ የኤሌክትሮኒክ እትሙ መብት የማን እንደሆነ አንብቡ። የሽፋኑን ሥዕል የሠራው ሰው ለኅትመት ብቻ ፈቅዶ ከሆነም እንደገና አስፈቅዱት።