አቅራቢ ከመቀየር በፊት፦ ለሚያድግ የቴክኖሎጂ ድርጅት የግዢ ችግርና መፍትሄ

በአምስት ሰው የተጀመረ የሶፍትዌር ድርጅት ሠላሳ ሰው ሲሆን ቀድሞ የሚጨናነቀው ግዢው ነው። አዳማ ላይ ትንሽ ድርጅት ሲኮን ነገሩ ቀላል ነበር። ባለቤቱ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ላፕቶፑን ገዝቶ ከሰዓት ይመለሳል። ድርጅቱ ሲያድግ ጠያቂው ሌላ፣ ፈቃጁ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ይሆናል። አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋቱ አቅራቢው ላይ ይላከካል። እኔ ግን አብዛኛው ችግር ከራሳችን ቢሮ ይነሳል ባይ ነኝ። እስቲ ከምልክቱ እንጀምር።

ምልክት፦ ክፍያ ሲደርስ ዋጋው ጨምሮ ተገኘ

ቼኩ ተፈርሞ ሱቁ ሲኬድ “ይሄኮ ያለፈው ሳምንት ዋጋ ነው” ይባላል። ግዢ ክፍሉ ይናደዳል። ግን የፕሮፎርማውን፣ ማለትም ሻጩ አስቀድሞ የሰጠውን የዋጋ ማቅረቢያ፣ ግርጌ እዩት። ዋጋው የሚያገለግለው ለጥቂት ቀን ብቻ እንደሆነ በትንሽ ፊደል ተጽፏል።

ምክንያቱ ቅደም ተከተሉ ነው። ሰኞ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ሥራ አስኪያጁ መስክ ነው፣ ፋይናንስ በጀቱን የሚያየው አርብ ነው። እስከዚያ ዋጋው ሞቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ዋጋ ይዞ የሚቆይ ነጋዴ ማግኘት ከባድ ነው። አይፈረድበትም።

መፍትሄው መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡ ይፈቀድ፣ ከዚያ ፕሮፎርማ ይሰብሰብ። ፈቃዱ ላይ ትንሽ ክፍተት ተዉ። ዋጋው በተወሰነ መቶኛ ቢጨምር ወረቀቱ ወደ መጀመሪያው ጠረጴዛ ሳይመለስ የፋይናንስ ኃላፊው እዚያው ይጨርሰው። ለትልቅ ትዕዛዝ ደግሞ አቅራቢው ዋጋውን ለሁለት ለይቶ እንዲያቀርብ ጠይቁ፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ለብቻ፣ የገጠማና የጉልበቱ ለብቻ። ምንዛሪ ሲጨምር የሚንቀሳቀሰው የመጀመሪያው ብቻ ይሆናል። በየትኛው ቀን የባንክ ተመን እንደሚሰላም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ሦስት ፕሮፎርማ ስታወዳድሩ “ከነቫቱ ነው?” ማለትን አትርሱ። ቫት ሳይጨምር 100,000 ብር ብሎ የጻፈው ሰውዬ ዋጋ 15 በመቶው ሲጨመር 115,000 ነው። 110,000 ከነቫቱ ያለው ይረክሳል።

ምልክት፦ የመጣው ላፕቶፕ የተፈለገው አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ትዕዛዙን አውጥታችሁ አንብቡ። “ኮር አይ 7፣ 16 ጂቢ ራም፣ አዲስ” ይላል። ኮር አይ 7 እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም ነው። የድሮውን ሞዴል ያመጣ ነጋዴ በወረቀቱ መሠረት አላጠፋም።

የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ጻፉ። አይ 7-8550ዩ ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ አይ 7-1165ጂ7 አሥራ አንደኛ። ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም።

ቀጥሎ ርክክቡን አስተካክሉ። ስቶር ኪፐሩ ካርቶን ቆጥሮ አይፈርም። ከአይቲ አንድ ሰው አብሮት ይክፈት። ላፕቶፑን ገልብጦ ሲሪያል ቁጥሩን ከካርቶኑ ጋር ያመሳክር። ከዚያ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ የዋስትና መጠየቂያ ላይ ያስገባ። ዋስትናው ከሁለት ዓመት በፊት የጀመረ ከሆነ “አዲስ” የተባለው ዕቃ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የባትሪ ሪፖርቱንም ያውጣ። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው ተራርቀው ከታዩ ዕቃው ተሠርቶበታል። ይህ ሁሉ ሳይደረግ መረከቢያ ላይ ፊርማ አይኑር። ከተፈረመ በኋላ መከራከር ሌላ ጣጣ ነው።

ምልክት፦ “አቤት ወንድሜ” ይል የነበረው አቅራቢ ስልክ አያነሳም

የመጨረሻዎቹን ክፍያዎች እዩ። ስንት ቀን ዘገዩ? ነጋዴው ዕቃውን ያመጣው ራሱም በዱቤ ሊሆን ይችላል። እኛ “ሰነድ አልተሟላም” ብለን ስናመላልሰው እሱ ሌላ ቦታ አንገቱን ደፍቶ ነው። ገበያው ላይ ዕቃ ሲጠፋ ቀድሞ የሚደውለው በቀኑ ለሚከፍለው ነው፤ እኛ መጨረሻ ላይ ነን።

የሚያስፈልጉትን ሰነዶች በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከትዕዛዙ ጋር ስጡት። በሳምንት አንድ የክፍያ ቀን ይኑር፣ እሱም ይወቀው። ልትዘገዩ ከሆነ እሱ ሳይደውል እናንተ ደውሉ። ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) የቆረጣችሁበትን ደረሰኝም በዚያው ቀን ስጡት። ያ ገንዘብ ከዓመታዊ ግብሩ የሚታሰብለት ነው። ደረሰኙን ካጣ ኪሳራው የእሱ ነው።

ምልክት፦ ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ከአንድ እጅ የወጡ ይመስላሉ

አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት፣ ተመሳሳይ አጻጻፍ፣ ተቀራራቢ ስልክ ቁጥር። ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት አሠራሩን እዩ። አንድ ሰው ብቻውን ሱቅ የሚመርጥ፣ ፕሮፎርማ የሚቀበልና ዕቃ የሚረከብ ከሆነ ንጹሑም ሰው ይታማል። ሱቁን ግዢ ክፍል ይምረጥ፣ ዋጋው ግን ቀጥታ ወደ ፋይናንስ ኢሜይል ይላክ። የንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንም ፋይናንስ ያጣራ።

ምልክት፦ ያለማስጠንቀቂያ ሰርቨሩ ቆመ

ክላውዱ (በኢንተርኔት የተከራያችሁት ሰርቨር) የተመዘገበው በለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይል ነው። የሚከፈለውም ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ። ማስጠንቀቂያው ተልኳል፤ የሚያነበው ግን የለም። ዶሜይኑን (የድረ ገጹን አድራሻ)፣ ሰርቨሩን፣ የሶፍትዌር ፈቃዱን ሁሉ በድርጅቱ የጋራ ኢሜይል አዛውሩ። የሚታደስበትን ቀን፣ ከፋዩን ካርድና ኃላፊውን በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቡ። ማስታወሻው ከሁለት ወር በፊት ይጩህ፤ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ባንክ ቤት ጊዜ ይወስዳል። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንሱ የሚፈረመው የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ፣ አካውንቱ ወደ ሌላ ሰው ከዞረ በኋላ ይሁን።