ቲቢና ካንሰር አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባዱ ስህተት ቲቢ ሲገኝ ምርመራው አበቃ ማለት ነው። አገራችን ውስጥ የአንገት ንፍፊት ሲያብጥ ቀድሞ ቲቢ መጠርጠሩ ልክ ነው። ሆኖም ሆጅኪን ሊምፎማም (የንፍፊት ካንሰር ዓይነት) እንደ ቲቢ ግራኑሎማ (የመከላከያ ሴሎች ክምችት) ሊፈጥር ይችላል፤ በቀጭን መርፌ የወጡ ጥቂት ሴሎች ደግሞ ሁለቱን ሁልጊዜ አይለዩም። የቲቢ መድኃኒቱ በአግባቡ እየተወሰደ እብጠቱ ካልቀነሰ ሙሉ ንፍፊቱ ወጥቶ ይመርመር። በእርግጥ ቲቢው እየዳነም ንፍፊቱ ለጊዜው ሊያብጥ ይችላል፤ ቁርጡን የሚናገረው ናሙናው ነው። አክታው ላይ ቲቢ ሳይገኝ በኤክስሬይ ብቻ መድኃኒት ለጀመረም እንዲሁ፦ ከ2 ወር በኋላ በኤክስሬይ የታየው የሳንባ ጥላ አሁንም ካለ ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል።

ናሙናውን በሙሉ ፎርማሊን (የናሙና ማቆያ ኬሚካል) ውስጥ መክተት ሌላው ጥፋት ነው። ፎርማሊን ባክቴሪያውን ስለሚገድል ካልቸር (ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳድጎ መመርመር) አይሠራም። አንዱ ቁራጭ በፎርማሊን ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ የሕብረ ሕዋስ ምርመራ)፣ ሌላው ከጀርም በጸዳ ሳላይን (የጨው ውሃ) ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል ለሚፈልግ ምርመራ) እና ለካልቸር ይላክ። ናሙና ሳይወሰድ ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) መስጠትም ሊምፎማውን አሟሙቶ ውጤቱን ያበላሻል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከዋናዎቹ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን የሪፋምፒሲንን ጉልበት ነው። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን በፍጥነት እንዲሰብር ያደርጋል፦ ኢማቲኒብ (የደም ካንሰር መድኃኒት) በደም ውስጥ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ ታሞክሲፌን (የጡት ካንሰር መድኃኒት) ከዚያም በባሰ ይቀንሳል። ያኔ «ካንሰሩ መድኃኒት ተላመደ» ይባላል። የሕመም ማስታገሻው ሞርፊንም ስለሚዳከም ታማሚው «ሕመሙ ተመለሰብኝ» ሲል ሱሰኛ ማለት በደል ነው። ስለዚህ የመድኃኒቱ ዝርዝር በሙሉ ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር ይታይ፤ ካለ በሪፋምፒሲን ፈንታ ተመሳሳዩ የቲቢ መድኃኒት ሪፋቡቲን ይታሰብ። ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላም ጫናው 2 ሳምንት ያህል ይቆያል። በሪፋምፒሲን ምክንያት የሌላ መድኃኒት መጠን ተጨምሮ ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ ካልተቀነሰ መርዝ ይሆናል።

የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድና የካንሰር መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን ሁለቱም ነርቭ ይጎዳሉ። ቫይታሚን ቢ6 በቀን ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም የአይሶናያዚዱን ድርሻ ይከላከላል እንጂ የቪንክሪስቲኑን አይከላከልም፤ መደንዘዝ በየቀጠሮው ይጠየቅ።

የጉበት ምርመራ ሳይደረግ መጀመርም አይገባም። ኤኤልቲ (ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) ከጤነኛው ከፍተኛ ልክ የሕመም ምልክት እያለ 3 እጥፍ፣ ያለ ምልክት 5 እጥፍ ካለፈ ጉበት የሚጎዱት የቲቢ መድኃኒቶች ይቆማሉ።

በመጨረሻ፣ «መጀመሪያ የ6 ወሩን የቲቢ መድኃኒት ጨርስ» ብሎ ኬሞቴራፒን (የካንሰር መድኃኒት ሕክምናን) ማዘግየትም ስህተት ነው። ካንሰሩ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ጥቂት ሳምንት መቆየት ይቻላል፤ ፈጣን ሊምፎማ ግን 6 ወር አይጠብቅም፤ ሁለቱ ሕክምናዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ።