ሜታ አናሊሲስ በሕክምና ጥናት፦ መረጃ ከማውጣት እስከ ትንበያ ክልል

ሜታ አናሊሲስ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ የብዙ ጥናቶችን ውጤት በስታቲስቲክስ አዋህዶ አንድ ግምት የማውጣት ዘዴ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1976 የሰጠው ጂን ግላስ ቢሆንም ሥራው ከስያሜው ይቀድማል፤ ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1904 ከወታደሮች የተሰበሰቡ የታይፎይድ ክትባት መረጃዎችን አንድ ላይ አድርጎ መርምሯል። ዛሬ ስሌቱን ሶፍትዌር በቅጽበት ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የተሰጡት ቁጥሮች መዋሃድ ይገባቸው እንደሆነ አይጠይቅም፤ ይህን መጠየቅ የተመራማሪው ድርሻ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች በየደረጃው መወሰን ስላለባቸው ነገሮች በሰፊው እጽፋለሁ።

ሥራው ከስሌት በፊት ይጀምራል። የትኞቹ ሕመምተኞች፣ የትኛው ሕክምና፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ፣ በየትኛው ውጤት እንደሚለካ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት፤ የሚመረጠው ሞዴልና የሚደረጉት የንዑስ ቡድን ትንተናዎችም አብረው ይጻፋሉ። ዕቅዱ ፕሮስፔሮ በተባለው መዝገብ ላይ ቀድሞ ቢመዘገብ፣ ውጤት ከታየ በኋላ የተደረገ ለውጥ ሁሉ ለአንባቢ ግልጽ ይሆናል። የመጨረሻው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2020 የታደሰውንና 27 ነጥቦች ያሉትን የፕሪዝማ መመሪያ ይከተላል።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ደረጃ መረጃ ማውጣት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ የገባ ስህተት በየትኛውም ሞዴል አይታረምምና። ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አውጥተው ሊያመሳክሩ ይገባል። ደጋግሞ የሚያጋጥመው ስህተት ስታንዳርድ ኤረርን (የአማካዩን ግምት እርግጠኝነት የሚለካውን) በስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ሰዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ በሚለካው) ቦታ ማስገባት ነው፤ ብዙ ጽሑፎች በሰንጠረዣቸው ከአማካዩ ቀጥሎ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አድርገው አንድ ቁጥር ያስቀምጣሉ እንጂ ቁጥሩ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይናገሩም። በእያንዳንዱ ቡድን 100 ሰዎች ባሉበት ጥናት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ የስታንዳርድ ኤረሩ 10 እጥፍ ነው። ስታንዳርድ ኤረሩ በስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ቦታ ከገባ የአማካዮቹ ልዩነት ቫሪያንስ (የስታንዳርድ ኤረሩ ካሬ) ከእውነተኛው አንድ መቶኛ ይሆናል፤ በቫሪያንስ ግልባጭ በሚመዘን ስሌት ደግሞ ጥናቱ ከሚገባው 100 እጥፍ ክብደት ይይዛል። አንድ ጥናት ብቻውን ፎረስት ፕሎቱን (የየጥናቱንና የተዋሃደውን ውጤት አንድ ላይ የሚያሳየውን ሥዕል) ሲቆጣጠረው፣ ወይም የመተማመኛ ክልሉ (የግምቱን እርግጠኝነት የሚያሳየው የቁጥር ክልል) ከተሳታፊዎቹ ቁጥር ጋር በማይመጣጠን ሁኔታ ሲጠብ ካየሁ፣ በመጀመሪያ የምመለሰው ወደዚያ ጥናት ሰንጠረዥ ነው። ጽሑፉ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ብቻ ከሰጠ፣ ከላይኛው ወሰን የታችኛውን ቀንሶ ለ3.92 በማካፈል ስታንዳርድ ኤረሩን ማግኘት ይቻላል፤ ውጤቱ ሪስክ ሬሾ (በሁለቱ ቡድኖች ክስተቱ የደረሰባቸው ሰዎች ድርሻ ሬሾ) ወይም ኦድስ ሬሾ (ክስተቱ የደረሰባቸው ካልደረሰባቸው ጋር ያላቸው ሬሾ በሁለቱ ቡድኖች ሲነጻጸር) ከሆነ ግን ሁለቱም ወሰኖች አስቀድመው ወደ ሎጋሪዝም መቀየር አለባቸው። ይህ ስሌት ለትላልቅ ናሙናዎች የሚሠራ መሆኑም መታወስ አለበት። ሦስት ቡድኖች ባሉት ጥናት ደግሞ አንዱን የቁጥጥር ቡድን በሁለት ረድፍ ማስገባት እነዚያኑ ሰዎች ሁለት ጊዜ መቁጠር ስለሆነ፣ ወይ ሁለቱን የሕክምና ቡድኖች ማዋሃድ ወይም የቁጥጥር ቡድኑን መክፈል ያስፈልጋል።

የሶፍትዌር ምርጫ በአብዛኛው የልምድ ጉዳይ ነው። ሬቭማን ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት ግምገማዎቹን የሚያዘጋጅበት ሲሆን ሰንጠረዥ ሞልቶ ፎረስት ፕሎት ለማውጣት ቀላል ነው። ስታታ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 16ኛ እትሙ ጀምሮ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ትእዛዞችን በውስጡ ይዟል። ኮድ መጻፍ ለማይፈልግ ሰው ጃስፕ በነጻ ይገኛል። እኔ የምመክረው አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነው፤ ነጻ ከመሆኑም በላይ ሜታፎርና ሜታ የተባሉት ጥቅሎች ከዚህ በታች የማነሣቸውን ዘዴዎች ሁሉ ይሸፍናሉ፣ እያንዳንዱ ውሳኔም በኮድ ተጽፎ ስለሚቀር ሌላ ሰው ሊደግመውና ሊያርመው ይችላል። ከሁለት በላይ ሕክምናዎችን በአንድ መረብ ለማነጻጸር ኔትሜታ የተባለው ጥቅል አለ።

ለልምምድ ከሜታፎር ጋር ሲያገለግል የቆየው የቢሲጂ ክትባት መረጃ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ክትባቱ ቲቢን ምን ያህል እንደሚከላከል የመረመሩ 13 ጥናቶችን ይዟል። በመጀመሪያው ረድፍ ያለው እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ጥናት ነው፤ ከተከተቡት 123 ሰዎች 4ቱ፣ ካልተከተቡት 139 ሰዎች ደግሞ 11ዱ በቲቢ ታመዋል። የመጀመሪያው መጠን 3.3 በመቶ፣ ሁለተኛው 7.9 በመቶ ስለሆነ ሪስክ ሬሾው 0.41 ነው። ሬሾ በ1 ግራና ቀኝ እኩል ስለማይዘረጋ ስሌቱ የሚካሄደው በሎጋሪዝሙ ነው፤ እሱም -0.889 ሲሆን ቫሪያንሱ 0.326 ነው። ኤስካልክ የተባለው የሜታፎር ፈንክሽን ይህንኑ ለ13ቱም ይሠራል። ይሁንና ቢያንስ አንዱን ረድፍ በእጅ አስልቶ ከሶፍትዌሩ ጋር ማመሳከር ዓምዶች እንዳልተቀያየሩ ለማረጋገጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ቀጥሎ የሞዴል ውሳኔ ይመጣል። ፊክስድ ኢፌክት ሞዴል ሁሉም ጥናቶች አንድን እውነተኛ ውጤት እንደሚለኩና የሚለያዩትም በናሙና ዕድል ብቻ እንደሆነ ይገምታል። ራንደም ኢፌክትስ ሞዴል ግን እውነተኛው ውጤት ራሱ ከጥናት ጥናት ሊለያይ እንደሚችል ተቀብሎ፣ የዚያን ልዩነት ቫሪያንስ ታው ስኩዌር በሚባል ቁጥር ይገምታል። የሁለቱ ልዩነት በክብደቶቹ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ13ቱ ትልቁ ጥናት በእያንዳንዱ ቡድን ከ88,000 በላይ ሰዎች ነበሩት፤ ከተከተቡት 505፣ ካልተከተቡት 499 ሰዎች ታመዋል፤ ማለትም ክትባቱ የጠቀመ አይመስልም። በፊክስድ ኢፌክት ይህ አንድ ጥናት ከጠቅላላው ክብደት 41 በመቶ ያህሉን ሲወስድ የ1948ቱ ጥናት ግማሽ በመቶ ብቻ ይደርሰዋል። በራንደም ኢፌክትስ ትልቁ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፣ ትንሹም ወደ 5 በመቶ ይወጣል። የተዋሃደው ሪስክ ሬሾ በመጀመሪያው 0.65፣ በሁለተኛው 0.49 ይሆናል።

ብዙዎች መጀመሪያ የጥናቶቹን መለያየት የሚመረምረውን የልዩነት ፈተና አይተው ፒ ቫልዩው (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ወይም የባሰ መለያየት የሚታይበት ዕድል) ከ0.05 ካነሰ ራንደም፣ ካልሆነ ፊክስድ ይመርጣሉ። ይህ አሠራር ትክክል አይደለም፤ ጥናቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ፈተናው ልዩነትን የማየት አቅሙ ደካማ ነውና። ሞዴሉ መመረጥ ያለበት ጥናቶቹ በሕመምተኞቻቸው፣ በመድኃኒት መጠናቸውና በአካሄዳቸው ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ አስቀድሞ በማሰብ ነው። ታው ስኩዌርን ለመገመት ዴርሲሞኒያንና ሌርድ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ቀመር ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል ቢቆይም፣ ሜታፎር በነባሪነት የሚጠቀምበት ሬምል የተባለው ዘዴ ይመረጣል፤ ጥናቶቹ ጥቂት ሲሆኑም የሃርቱንግና ናፕ ማስተካከያ ቢታከል የመተማመኛ ክልሉ ያለ አግባብ እንዳይጠብ ይረዳል። ክስተቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ከሆነና ዜሮ ያለባቸው ረድፎች ከበዙ፣ በሰንጠረዡ እያንዳንዱ ሳጥን 0.5 መጨመር ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል እንደ ማንቴልና ሄንዜል ያለ ዘዴ ይሻላል።

በቢሲጂው መረጃ የልዩነት ፈተናው ቁጥር ኪው በ12 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ከጥናቶቹ ቁጥር አንድ ተቀንሶ) 152.2፣ አይ ስኩዌር 92 በመቶ፣ ታው ስኩዌር 0.313 ነው። አይ ስኩዌር ብዙ ጊዜ በስህተት ይነበባል። የሚናገረው ከሚታየው መለያየት ምን ያህሉ ከናሙና ዕድል በላይ እንደሆነ በመቶኛ ነው እንጂ ውጤቶቹ ምን ያህል እንደተራራቁ አይደለም፤ ጥናቶቹ በጣም ትልልቅ ከሆኑ ለሕክምና ትርጉም የሌለው ትንሽ ልዩነትም ከፍ ያለ አይ ስኩዌር ይሰጣል። ርቀቱን በሚገባ የሚያሳየው የትንበያ ክልል ነው። የ0.49 የመተማመኛ ክልል ከ0.34 እስከ 0.70 ሲሆን፣ የአማካዩን እርግጠኝነት ብቻ ይገልጻል። የትንበያ ክልሉ ግን ከ0.15 እስከ 1.55 ይዘረጋል፤ ይኸውም በአዲስ ቦታ በተመሳሳይ ሁኔታ ቢጠና እውነተኛው ውጤት ከፍተኛ መከላከል ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ምንም ጥቅም አለመኖርም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። 0.49ን ብቻ ያነበበ ሐኪም ይህን ሁሉ አያይም።

እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገኝ ምክንያቱን መፈለግ ተገቢ ነው። ጥናቶቹ የተካሄዱባቸው ቦታዎች ከምድር ወገብ ያላቸውን ርቀት (ኬክሮስ) በሜታ ሪግሬሽን፣ ማለትም ውጤቱ ከጥናቶቹ ባሕርይ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በሚያሰላ ዘዴ፣ ብናስገባ ታው ስኩዌር ከ0.313 ወደ 0.076 ይወርዳል። ሞዴሉ 13 ዲግሪ ላይ 0.88፣ 44 ዲግሪ ላይ 0.36 የሚሆን ሪስክ ሬሾ ይሰጣል። ኬክሮስ ራሱ ክትባትን አያዳክምም፤ ምናልባት በሞቃታማ አካባቢዎች ሰዎች ቀድሞውኑ ለሌሎች ማይኮባክቴሪያዎች (ለቲቢ ባክቴሪያ ዘመዶች) መጋለጣቸውን የሚወክል ሊሆን ይችላል የሚል መላ ምት አለ። ለአንድ ተለዋዋጭ ቢያንስ 10 ያህል ጥናቶች ስለሚያስፈልጉ፣ በ13 ጥናቶች ሦስትና አራት ምክንያቶችን መሞከር በአጋጣሚ የተገኘን ዝምድና እንደ ግኝት ለማቅረብ ይዳርጋል።

ፈነል ፕሎት (የየጥናቱን ውጤት ከስታንዳርድ ኤረሩ ጋር የሚያሳይ ሥዕል) እና እ.ኤ.አ. በ1997 የቀረበው የኤገር ፈተና ትናንሽ ጥናቶች ወደ አንድ ወገን ማዘንበላቸውን ለማየት ይጠቅማሉ፤ ከ10 በታች ጥናቶች ካሉ ግን ባይሠሩ ይሻላል። ማዘንበሉም ያልታተሙ ጥናቶች መኖራቸውን ብቻ አያመለክትም፤ ትናንሾቹ የባሰ የታመሙ ሰዎችን መርምረው ወይም ደካማ አካሄድ ተከትለው ሊሆን ይችላል። የየጥናቱ አድልዎ ሮብ 2 በተባለው የአድልዎ መመዘኛ ተመዝኖ፣ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸውን አውጥቶ ስሌቱን መድገም፣ እንዲሁም ጥናቶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ማየት ያስፈልጋል።

የቢሲጂውን ውጤት ለኅትመት ብጽፈው እንዲህ አስቀምጠዋለሁ፦ «በ13 ጥናቶች የተዋሃደው ሪስክ ሬሾ 0.49 ነው፤ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ0.34 እስከ 0.70፣ የትንበያ ክልሉ ከ0.15 እስከ 1.55 ነው፤ ራንደም ኢፌክትስ ሞዴል በሬምል፣ ታው ስኩዌር 0.313። ከልዩነቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከኬክሮስ ጋር ይዛመዳል።»