ክንፉ አልገጥም ሲል፦ የሚለወጡ ሮቦት ጄቶች ችግርና መፍትሄ

ወደ ሮቦት የሚለወጡ ጄቶችን የሚሰበስብ ሰው አንዱን ገዝቶ አይቆምም። ግራጫው ከመጣ ሰማያዊው ይከተላል፤ ጥቁሩና ሐምራዊው ሳይመጣ ደግሞ መደርደሪያው የተሟላ አይመስልም። አምራቾቹም ይህን ጠባያችንን አሳምረው ያውቁታል፤ አንድ ቅርጽ ማውጫ ሠርተው ቀለሙን ብቻ እየለወጡ ይሸጡልናል። ለኪስ አይመችም፤ ለጥገና ግን ትልቅ ጥቅም አለው። አንዱ ሲያስቸግር ወንድሙን፣ ማለትም ከዚያው ቅርጽ ማውጫ የወጣውን ሌላ ቀለም፣ አጠገቡ አቁማችሁ ታስተያያላችሁ። ችግሩ በሁለቱም ላይ ካለ የንድፉ ወይም የአስተጣጠፋችሁ ነው። በአንዱ ላይ ብቻ ከሆነ የዚያ ቀለም ፕላስቲክ፣ የቅቡ ወይም የፋብሪካው አገጣጠም ነው። ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት ይህ ይጣራ።

ያዘዝኩት ሌላ፣ የመጣልኝ ሌላ

ስታርስክሪምን የመሰሉ የጄቶቹ ስሞች የትራንስፎርመርስ አሻንጉሊቶች ባለቤት የሆኑት የሃስብሮና የታካራ ቶሚ ንብረት ስለሆኑ ፈቃድ የሌላቸው ሦስተኛ ወገን አምራቾች ሣጥኑ ላይ ስታርስክሪም ብለው አይጽፉም። ለምሳሌ ሜክቶይስ ስታርስክሪምን ሚቲዮር፣ ስካይዋርፕን ስካይክሮው፣ ተንደርክራከርን ላይትኒንግ ብሎ ነው ያወጣቸው። ስለዚህ ዱባይ ወይም ጓንጁ ላለ ዘመድ «ስታርስክሪም ግዛልኝ» ብሎ መላክ ብዙም አይረዳም። ከፎቶ ጋር ቀለሙን ንገሩት። ግራጫ ሆኖ ቀይና ሰማያዊ የገባበት ስታርስክሪም፣ ሰማያዊው ተንደርክራከር፣ ጥቁርና ሐምራዊው ስካይዋርፕ ነው፤ ይህ ከ1984 ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1985 ሌሎች ሦስት ተጨመሩ፦ ነጩ ራምጄት፣ ቀዩ ትረስትና ደርጅ። ደርጅም ሰማያዊ ስለሆነ «ሰማያዊውን» ብቻ ማለት አይበቃም። የኋለኞቹ ሦስቱ ሮቦት ሲሆኑ የጄቱ አፍንጫ ጭንቅላታቸው ላይ ሾጣጣ ሆኖ ይቆማል፤ መለያው እሱ ነው።

ጄት ሲሆን አይዘጋም፤ ክንፉ ሥር ክፍተት ይቀራል

ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ በስህተት የሚሰበረውም አብዛኛው በዚህ ነው። ክንፉ መጨረሻ ላይ ስለሚገጠም ወቀሳው ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል። ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ከሦስትና ከአራት ደረጃ በፊት የታለፈ ነገር ነው። የሮቦቱ ክንድ በጄቱ ሆድ ሥር ሲታጠፍ ጡጫው ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ወይም የሮቦቱ ጭንቅላት በደረቱ ውስጥ ዘቅዝቆ ሳይቀመጥ ክዳኑ ተዘግቶበታል። ማጠፊያው ሥር የቀረ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ክንፉ ጫፍ ሲደርስ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይሆናል።

መፍትሄው መግፋት አይደለም። ወደ ኋላ አንድ አንድ ደረጃ እየፈታችሁ ተመለሱ፤ በየደረጃው የስልክ መብራት ከሥር በኩል አብሩና በደንብ ከተዘጋው ወንድሙ ጋር አስተያዩ። እያንዳንዱ ምላስ (ክፍሎቹን የሚያያይዘው ትንሽ ጉጥ) ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ «ቀጭ» ማለት አለበት። ሳይጮህ የገባ ምላስ ካለ ክፍተቱ የጀመረው እዚያ ነው።

ሁሉም ቦታ ቦታው ገብቶ ያው ከሆነና ወንድሙ በሚገባ የሚዘጋ ከሆነ ሁለት ነገር ይቀራል። የመጀመሪያው ቅብ ነው፤ ቀለም የተቀባ ምላስ ካልተቀባው ይወፍራል፣ የተቀባ ቀዳዳም ይጠባል። ከቀዳዳው ውስጥ፣ ማለትም ዓይን ከማያየው በኩል፣ ቅቡን በምላጭ ጫፍ ጥቂት ጥቂት እያነሳችሁ ሞክሩ። ምላሱን ራሱን አትንኩት፤ አንዴ ከሳሳ መልሶ አይወፍርም። ሁለተኛው የፋብሪካ ስህተት ነው፦ የግራው ማጠፊያ በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ተገጥሞ ይመጣል። የብሎኖቹን ራስ አቅጣጫ ከወንድሙ ጋር ስታመሳክሩ ወዲያው ይታያል፤ ፈትቶ ማቀያየር ነው።

መገጣጠሚያው አልነቃነቅ ይላል

የምንኖርባት አዳማ ነፋሱ ተርባይን የሚያዞርባት ከተማ ናት። ያው ነፋስ ከመስኮቱ ሥር አቧራ ይዞ ይገባና ማጠፊያዎች ውስጥ ይቀመጣል። አዲስ የመጣ ጄት ከጠበቀ ቅብ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ከርሞ ከጠበቀ አቧራ ነው። አቧራውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ከዚያ ንጹሕ የሲሊኮን ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ።

የልብስ ስፌት መኪና ዘይትም ሆነ ቫዝሊን እጅ ላይ ስለሚገኝ ብቻ አይደረግም። ከፔትሮሊየም የሚወጡ ቅባቶች ብሎን የያዘውን ወይም የተወጠረውን ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ያሰነጥቃሉ፤ ጉዳቱ የሚታየው ዘይቱን ረስታችሁት ከቆያችሁ በኋላ ነው። ዘይት ካደረጋችሁ ደግሞ ጄቱን ሳታደርቁ ክፍት መደርደሪያ ላይ አትመልሱት፤ የዚህ ከተማ አቧራ ቅባት ይወዳል።

ማጠፊያው በብረት ፒን የተያያዘ ከሆነና ማውጣት ግድ ከሆነ የፒኑን ሁለት ጫፎች እዩ። አንደኛው ለስላሳ፣ ሌላው ጥርስ ያለው ነው። ከለስላሳው በኩል ገፍታችሁ ጥርሳሙ ጫፍ ቀድሞ እንዲወጣ አድርጉ። በተቃራኒው ከተመታ ጥርሱ ቀዳዳውን እየፋቀ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያ መገጣጠሚያ አይጠብቅም።

ለብሎኖቹ የሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙባቸው ትንንሽ ካቻቪቴዎች ይሆናሉ፤ ጫፋቸው ያልተበላ ከሆነ።

እግሩ ይከፈታል፣ ሮቦቱ መቆም ያቅተዋል

ኳስ መገጣጠሚያው ተበልቷል። ኳሱን አውጥታችሁ በአልኮል ጥረጉት፤ በጣም ስስ ሱፐር ግሉ ቀቡትና ለብቻው እስኪደርቅ ተዉት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ከገጠማችሁት ሮቦቱ ለዘላለም በአንድ አቋም ይኖራል። ከበዛ በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ይቻላል። ዚንክ የገባባቸው ከባድ ጄቶች ላይ ይህ ደጋግሞ ይመጣል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ያው ፕላስቲክ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ የፓይለቱ ክፍል መስታወት አጠገብ ሱፐር ግሉ አይከፈት። እንፋሎቱ በብርሃን አስተላላፊው ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጉም ሆኖ ያርፋል፤ ያንን ጉም ማንሳት ከመገጣጠሚያው ጥገና የባሰ ሥራ ነው።

ማጠፊያው አጠገብ ነጭ መስመር ታየ

ፕላስቲኩ ከአቅሙ በላይ ተወጥሯል፤ የሚቀጥለው መሰበር ነው። በጥቁሩና በሰማያዊው ላይ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አስቸጋሪው ነጩ ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ ስለማይታይ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ስለዚህ ጥቁሩ ላይ ነጭ መስመር ባያችሁበት ቦታ የነጩን ወንድሙንም በጥንቃቄ እጠፉት። ጠብቆ ያስቸገረ ነገር ካለ በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቁት፤ ሞቅ ያለ ፕላስቲክ በቀላሉ ይታዘዛል። ነጩ መስመር ግን ቢሞቅም አይጠፋም።

ነጩና ግራጫው ወደ ቢጫ ሄደ

ፀሐይ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የጨረሩ ኃይል የሚናቅ አይደለም። በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ያለው የካርቦን ቀለም ጨረሩን ስለሚከላከል ጥቁሩ አጠገቡ ቆሞ ምንም አልሆንኩም ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ ለዚህ ሲል ነጩን «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይከሳል። መፍትሄው መደርደሪያውን ከመስኮቱ ፊት ማንሳት ነው። የፀጉር ቤት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቢጫውን ይመልሳል፤ ግን ክንፉ ላይ ያሉትን ቀይ መስመሮችና ምልክቶችም ሊወስድ ይችላል፣ ቢጫውም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ቅብ ለሌለበት ትርፍ ክፍል ይሁን፤ ለሙሉ ጄት አልመክርም።

አፍንጫው ወይም ሚሳይሉ ጎበጠ

ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ ተጨፍልቆ ወይም እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ተረስቶ ነው። ሙቅ ውኃ ውስጥ አስገቡት፣ አቃኑት፣ ቀጥ አድርጋችሁ እንደያዛችሁት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው።

አንዱ ቀለም ሌላው ላይ ታተመ

ጥቁር ቅብ ግራጫ ክፍል ላይ ሲፋቅ ይህ ይሆናል። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ፣ እምቢ ካለ በነጭ ላጲስ ቀስ ብሎ። አልኮል ቅብ ያለበትን ቦታ ይልጠዋል። አሴቶን ደግሞ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟዋል፤ እቤት ውስጥ ከጄቶቹ አጠገብ ባይቀመጥ ይመረጣል።

ወርቃማው ክፍል እየፈረፈረ ነው

በፕላስቲኩ ውስጥ የብረት ብልጭታ ተቀላቅሎ የተሠራ ወርቃማ ክፍል፣ በተለይ በድሮ አሻንጉሊቶች፣ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቅ ዳቦ የመፈርፈር ጠባይ አለው። ማጣበቂያ አይዘውም፤ ከተጣበቀበት ጎን ይፈርሳል። ጥገና የለውም። በላዩ ላይ ወርቃማ ቀለም የተቀባ ተራ ፕላስቲክ ግን ሌላ ነው፤ ብሎኑ ሥር ገብታችሁ ስታዩ ውስጡ ሌላ ቀለም ከሆነ አትስጉ። የሚያብረቀርቀው ውስጡም ከሆነ ሮቦት ወይም ጄት አድርጋችሁ አንድ አቋም ላይ ተዉት። የሚፈርሰው ክፍል ማጠፊያ ከሆነ ከዚያው ቅርጽ ማውጫ የወጣ ሌላ ቀለም የተሰበረ ጄት በርካሽ ፈልጉ፤ ክፍሉ ያለ ምንም ሞረድ ቦታው ላይ ይገባል፣ ቀለሙ ብቻ ነው የሚለየው።