መብራት በተመለሰ ቁጥር የሚወድቀው ብሬከር

ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታችን፣ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከቆጣሪው ሥር ያለው ባለ 20 አምፔር ብሬከር እየወደቀ፣ መንደሩ በርቶ እኛ አራት ምሽት በሻማ ሰነበትን። ብሬከሩን ደጋግሜ አነሣሁት፤ ቀጥሎም በአዲስ አስቀየርሁት፤ ሁለቱም አልረዱም።

በአራተኛው ምሽት ከዋናው ቤት ተለይቶ ወዳለው ማድ ቤት በባትሪ ስገባ፣ ግማሽ የበሰለ እንጀራ አርሮ የተጣበቀበት ምጣድ ማብሪያው እንደበራ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውም ጀበና እንደተጣደበት ሳይጠፋ ቀርቶ አገኘሁ። ባለ 3500 ዋቱ ምጣድ በ220 ቮልት ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ባለ 2000 ዋቱ ምድጃ 9 ሲጨምርበት ብሬከሩ ከሚችለው 20 አምፔር ስለሚያልፍ፣ መውደቁ ብልሽት ሳይሆን ሥራው ነበር። (ለአዲሱ ያወጣሁት ገንዘብ ግን ያንገበግበኛል።)

አሁን መብራት እንደጠፋ ምጣዱን፣ ምድጃውንና ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለን፣ መመለሱን እንዲነግረን የሳሎኑን አምፖል ብቻ እንደበራ እንተዋለን፤ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቀን መጀመሪያ ፍሪጁን እንሰካለን። ምጣዱና ምድጃው አብረው አይበሩም፤ እንጀራው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው ቡናው የሚጣደው።